ስክሪኑ ሰማንያ ሲል

ጨዋታው ለሕዝብ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰደበችውን ያህል፣ አውቶብስ ስታሰማራ በኖረችበት ዘመን ሁሉ አልተሰደበችም። ያኔ የሚሰድባት ሰው ቢያንስ መስኮቷ ድረስ መጥቶ፣ ፊቷን አይቶ ነበር የሚሰድባት። የአሁኖቹ መፈጠሯንም አያውቁም።

«ይህን ጨዋታ የፈተሸው ሰው ዓይን አለው?» ይላል አንዱ ተጫዋች። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቡድኔ እንደ ቅጠል ረገፈ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው አጠር አድርጎ፣ «ፈታሻቸው የጎረቤት ድመት ናት መሰለኝ» ብሏል፤ ከሥሩ የሳቀለት ሰው ብዛት ልክ የለውም።

ድመት የተባለችው እሷ ናት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ እንደቆመች ሁሉንም አነበበች። ከታች የመስታወት ቆራጩ ማሽን ጥርስ የሚያፋጭ ድምፁን ለቀቀ። ቢሮው ከመስታወት ቤቱ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አልዘጋ ያለ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ በሠዓሊዋ እጅ የተሳሉ ጭራቆች። ማሽኑ ሲጮህ ሁሉም ወሬውን በአጋማሹ ያቆማል፤ ዝም ሲል ካቆመበት ይቀጥላል።

«እትዬ፣ አታንብቢው» አለ ታናሽ ወንድሟ ከወንበሩ ሳይነሳ። የጨዋታውን ኮድ የሚጽፈው እሱ ነው።

«ለምን አላነብ? ስለ እኔ አይደል የተጻፈው?»

«ስለ ሁላችንም ነው።»

«ስለ ሁላችንም ከሆነ ድመቷ ለምን አንድ ብቻ ሆነች?»

ሠዓሊዋ ሳቅ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የፈታሿን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ጋሼ ገባ። የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ማተሚያ ቤቱን ሸጦ ይህን ጨዋታ ያሠራ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ አከራዩ ድረስ «ጋሼ» ከማለት በቀር ስሙን የሚጠራው የሌለ ሰው። ሌላ ቀን ሲገባ ቀልድ ይዞ ነበር የሚገባው። ያን ቀን ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ጄኔራል፣ ከምሳ በኋላ እንነጋገራለን» አላት። ጄኔራል የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ ነው።

«አሁን ይንገሩኝ። ምሳው አልወርድ ከሚለኝ።»

ጋሼ መስኮቱን አየ። «ይቅርታ እንጠይቃለን። የፍተሻ ስህተት ነበር እንላለን። ለቀጣዩ ሥራ ሌላ ፈታሽ አመጣለሁ። አንቺን አላባርርም፤ ስልክ ታነሺያለሽ፣ እንግዳ ትቀበያለሽ።»

«የፍተሻ ስህተት።»

«ሌላ ምን ልበለው? ጭራቆቹን ያስጠነከረው ማነው?»

እሷ ነበረች። ወንድሟን ዞራ አየችው፤ አንድ ቃል እንዲተነፍስላት። እሱ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ጨዋታው «የአመድ ዘቦች» ይባላል። አንዲት ከተማ ላይ አመድ ዘንቦ፣ ከአመዱ ውስጥ ጭራቆች ወጥተው፣ ስድስት ተዋጊዎች ብቻ ቀርተዋል። ተጫዋቹ ስድስቱን በየተራ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱን ጣሪያ ላይ ያወጣል፣ ሌላውን ከግንብ ኋላ ይደብቃል፣ ሦስተኛውን ያስመታል። የእሱ ተራ ሲያልቅ ጭራቆቹ በተራቸው ይንቀሳቀሳሉ። የሚያጣድፍ ነገር የለም። ተጫዋቹ አንዲት እርምጃ ላይ ቁጭ ብሎ ቢውል የሚቆጣው የለም። ግን የሞተ ተዋጊ ሞተ ነው፤ በሚቀጥለው ውጊያ ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ወንድሟ ይህን ሲነግራት ስቃበት ነበር። «ማሙሽ፣ ዕድሜዬን ረሳኸው? ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ከጭራቅ ጋር ይጫወታል?» ማሙሽ የምትለው ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው ነው፤ እሷ ግን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ስለሆነ አፏ ሌላ ስም አልለመደም።

ያኔ ሥራ ፈትታ ነበር። በአውቶብስ ጣቢያው የስምሪት ክፍል ከልጅነት እስከ ሽበት ሠርታለች። የትኛው አውቶብስ መቼ ይውጣ፣ የትኛው ይጠብቅ፣ መንገድ ላይ የተበላሸውን ማን ይተካ፣ ይህ ሁሉ በእሷ አፍ ነበር የሚወሰነው። ሾፌሮቹ ይፈሯታል፤ ከኋላዋ ያሟታል፤ ሲቸግራቸው ደግሞ ሬዲዮ ላይ የሚጠሩት እሷን ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ስክሪን አምጥቶ ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቀለና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሲስተሙ ነው የሚያሰማራው» አላት። ሲስተሙ በዚያው ቀን ሦስት አውቶብስ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ፊት ለፊት አገናኘ። እሷ ግን ያን ጊዜ ዕቃዋን በፌስታል ሰብስባ ወጥታ ነበር፤ ወሬውን የሰማችው ከሾፌሮቹ ነው። አልሳቀችም። ንዴቱ እስካሁን አልወጣላትም።

ወንድሟ «ነይ እስቲ ሞክሪው» ብሎ ከቢሮው ኮምፒውተር ፊት ሲያስቀምጣት፣ ሳቋ ብዙ አልቆየም። ነገሩ ስምሪት ነው። ስድስት ሰው አለ፣ ጠባብ መንገድ አለ፣ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚል ጥያቄ አለ። ጋሻ ያዡ ሳይቀድም ቀስተኛዋ ብትወጣ ትሞታለች። ፈዋሹ ኋላ ቢቀር ለቆሰለው አይደርስለትም። ለተዋጊዎቹ የጣቢያዋን ሾፌሮች ቅጽል ስም አወጣችላቸው። እየዘለለ የሚገባው ሰይፈኛ «ፍሬን የለሽ» ተባለ። ጋሻ ያዡ «ቀስ በሉ»፣ ቀስተኛዋ «ጡሩምባ»፣ ፈዋሹ «መለዋወጫ»። ሠዓሊዋ ስሞቹን ስትሰማ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ስሞች ካልሆነ ማንም ተዋጊዎቹን ጠርቷቸው አያውቅም።

ፈታሽ ሆና የተቀጠረችው እንዲህ ነው። ሥራዋን ደግሞ በአፏ ሙሉ ነው የሠራችው። የሚወደስ ነገር ሲኖር ታወድሳለች። ጭራቁ በሚቀጥለው ተራ የት እንደሚመታ አስቀድሞ መሬቱ ላይ በቀይ ይታያል፤ ይህን ወደደችው። «ከተመታሁ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማንንም አልረግም» አለች። በአንዱ ውጊያ ክንዱ የቆሰለ ሰው በሚቀጥለው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይህንንም ወደደችው፤ ሰው እንደ ጎማ በአንድ ቀን አይቀየርም። የማይረባ ሲኖር ደግሞ ቢሮው ይናወጣል። ጭራቆቹ ተራቸው ሲደርስ እያንዳንዳቸው ካላገሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም ነበር። «ይሄ ሁሉ ግሳት ለምንድን ነው? ሥራ የላቸውም?» ብላ ግሳቱን አስቀነሰች። ከስድስቱ አንዱ የሆነው አስማተኛ ከውጊያ በፊት ስለ አባቱ የሚያወራውን ወሬ በግማሽ አስቆረጠች። የጨዋታው ምስል ከግንብ ኋላ ሲዞር ተዋጊዎቹ ከዓይን የሚጠፉበትን ግን እስካሁን ማስተካከል አቅቷቸዋል፤ ዕቃ የሚያዝበት ቦርሳም ዛሬም የሰፈር ጥራጊ ነው፤ መድኃኒት ለማግኘት አርባ የዛገ ሰይፍ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ተጫዋቾቹ በስድባቸው መሐል ደርበው ጽፈውታል። በዚህ አልተናደደችም፤ ልክ ናቸው።

የቢሮው አሠራር አንድ ልማድ ነበረው። መጀመሪያ ሠዓሊዋ በቀልድ ያመጣችው፣ ኋላ ሕግ የሆነ። ጄኔራሏ አንድ ውጊያ ላይ ካዛጋች፣ ውጊያው ቀላል ነው ማለት ነው፤ የዚያ ውጊያ ጭራቆች ይጠነክራሉ። ስታዛጋ ጋሼ ከጠረጴዛው ሆኖ «አዛጋች! ጨምርበት!» ይላል፤ ወንድሟም ይጨምራል። እሷም በዚህ ትኮራ ነበር። ለምን አትኮራም? ስታዛጋ ሠራዊት ይጠነክራል። ጋሼ ራሱ ከዚያ በኋላ ያንኑ ውጊያ «ጨካኝ» በተባለው፣ ከሁሉ በሚከብደው ደረጃ ተጫውቶ ያሸንፋል፤ ካሸነፈም በኋላ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርካል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠሩ። እሷ አዛጋች፣ ጋሼ አሸነፈ፣ ጭራቆቹ ጠነከሩ።

እና አሁን ሕዝቡ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እያለቀ ነው።

ጋሼ ስልክ ሊያወራ ሲወጣ ወደ ሠዓሊዋ ጠረጴዛ ሄደች። «የራስሽን ላፕቶፕ ስጪኝ። ጨዋታውን እንደ ሰዉ አውርደሽበት የለ?»

«አውርጃለሁ፤ የሳልኳቸው ነገሮች በትክክል ይታዩ እንደሆነ ልይ ብዬ። ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ድመት ምን ታደርጋለች? ልጫወት ነው።»

ሁለተኛውን ምዕራፍ ከፈተች። ሰዎቿን በለመደችው መንገድ አሰማራች። ቀስ በሉን ከመግቢያው ላይ፣ ጡሩምባን ከማማው ላይ፣ ፍሬን የለሽን በቀኝ። ስክሪኑ ሰማንያ በመቶ ይመታል አለ። አስመታችው፤ ሳተ። ሰባ አምስት አለ፤ ሳተ። ጭራቁ በተራው መጣና ፍሬን የለሽን ከሁለት ከፈለው። ዕድል ነው ብላ ምዕራፉን ከመነሻው ደገመችው። በድጋሚው መለዋወጫ ሞተ፣ ጡሩምባ ከማማው ወደቀች። ሦስተኛውን ሳትጨርስ ተወችው። አረጀሁ እንዴ? አለች በሆዷ። እጄ ነው የደከመው ወይስ ጭንቅላቴ?

ይህን ምዕራፍ እያዛጋች ነበር የምታልፈው።

ላፕቶፑን ይዛ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ተመለሰችና ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ግራው የሕዝቡ፣ ቀኙ የቢሮው። አንድ ቦታ፣ አንድ ማማ፣ አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ጭራቅ። በሁለቱም ላይ ስክሪኑ ሰባ በመቶ ይላል። ውጊያውን እየመለሰች ያቺኑ ቀስት ደጋግማ አስወረወረች። ግራው አንዴ ይስታል፣ አንዴ ይመታል፤ ሰባ በመቶ ማለት ይኸው ነው። ቀኙ ይመታል። ይመታል። ይመታል። እስኪሰለቻት መታ። መሳቱ እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ ቢል ነው።

ሠዓሊዋ ከኋላዋ መጥታ ቆማ ነበር። «ይሄ ዕድል አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም።»

ጣቢያው ትሠራ በነበረ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሾፌር ነበር። ሰው ሁሉ ጎበዝ ይለዋል። እሷ ግን መንገዱን ታውቀዋለች፤ በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት ቀድሞ የሚደርስ መኪና አልተሠራም። ሄዳ ስታይ የመድረሻውን ሰዓት የሚመዘግበው ዘበኛ የሾፌሩ አማች ሆኖ ተገኘ። ያኔ የተሰማት ዓይነት ነገር አሁን ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ልዩነቱ፣ የአሁኑ ጎበዝ ሾፌር እሷ ራሷ መሆኗ ነው።

«ማሙሽ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበረ ሠዓሊዋ ወደ ኋላ ሸሸች። «ና ደረጃው ላይ።»

ደረጃው ላይ የመስታወት ቤቱ ትላልቅ መስታወቶች በካርቶን ተጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈዋል። በመካከላቸው ቆሙ።

«የእኔ ኮምፒውተር ላይ ምን አድርገሃል?»

«ምን አደረግሁ?»

«እንደ ልጅነትህ አትዋሸኝ፤ ያኔም አያምርብህም ነበር። የእኔ ቀስት አይስትም። የሕዝቡ ይስታል። ምን አድርገሃል?»

ማሽኑ ከታች ጮኸ። እስኪያቆም ቆመው ተፋጠጡ። እሱ ያን ጊዜ ሁሉ አግኝቶ ሌላ ውሸት መፍጠር ይችል ነበር፤ ግን ፊቷን እያየ ማሰብ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሆንለትም። ማሽኑ ዝም ሲል ትከሻው ወረደ።

«አንድ መስመር ኮድ ናት። ጨዋታው በአንቺ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ የመምታት ዕጣው ላይ ትንሽ ይጨምርልሻል። ስክሪኑ ላይ አይታይም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ቀስ በሉ የሞተ ጊዜ። ዘጠና በመቶ ብሎ የሳተ ጊዜ፣ ትዝ ይልሻል? ማውዙን ወረወርሽ። ይህ እንደዚያ ሲስተም ነው፣ ሁሉም ያው ነው፣ ነገ አልመጣም አልሽ። ከቤት ሳትወጪ ያን ያህል ጊዜ ከርመሽ፣ ሥራ አጥተሽ... ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ስታዪ አየሁሽ። አዝኜልሽ ነው፣ እትዬ።»

ብትመታው ይሻል ነበር። አልመታችውም።

«አዘንክልኝ።»

«በማግስቱ ስታሸንፊ ፊትሽ በራ። እንዴት አወጣዋለሁ? ነገ አወጣዋለሁ፣ ነገ አወጣዋለሁ እያልኩ...»

«ስዛጋስ? ጋሼ ጨምርበት ሲልህስ? እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

«እያንዳንዱ ጭማሪ ትንሽ ነበር። ሲጠራቀም እዚህ ይደርሳል አላልኩም። ከወጣ በኋላ በማሻሻያ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ጋሼ ስልክ ታነሻለሽ ሲለኝ አፍህ የት ነበር?»

ዓይኑን ወደ መስታወቶቹ አሸሸ።

«እኔ ልንገርህ የት እንደነበረ። ስክሪኑ ውስጥ ነበር። እኔን ድመት ሲሉኝ አንተ ታውቅ ነበር። ጋሼ ስሜን ሲያጠፋው አንተ ታውቅ ነበር። ለማዘን ፈጣን፣ ለመመስከር ዲዳ!» ጣቷን ደረቱ ላይ ተከለች። «አንተን አዝዬ አሳድጌ አንድ ቀን አዝኜልህ አላውቅም። ስትወድቅ ተነስ ነው ያልኩህ። ሁለት ዓመት ሙሉ አሸነፍኩ ብዬ ቤት ገብቻለሁ። የትኛው ነው የእኔ? እስቲ ለይልኝ! ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቱ ነው በእኔ ጭንቅላት የተገኘው?»

«ብዙው ያንቺ ነው።»

«ብዙው!» አለች። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ቃል ሰምታ አታውቅም። «ከምሳ በኋላ ጋሼ ፊት ትናገራለህ። እኔ ልናገርልህ አልችልም፤ ወንድሟ ላይ አላከከች ይሉኛል። አንተ በራስህ አፍ።»

ምሳ ማንም አልበላም። ጋሼ ወንበሩን ወደ መሐል ስቦ ተቀመጠና ገና «እንግዲህ» ከማለቱ ወንድሟ ተነሳ። ተነስቶ ሲያስበው የቆየውን ሁሉ ረሳና በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረው። ኮዱን እሱ እንደጨመረ፣ እሷ እንደማታውቅ፣ ጭራቆቹ የጠነከሩት በዚህ የተነሳ እንደሆነ።

ፈታሿ እጇን አጣምራ የጋሼን ፊት ጠበቀች። ይናደዳል ብላ ነበር። ጋሼ ግን ፊቱ በራ።

«ይኸው መፍትሔው እኮ በእጃችን ነው!» አለ። «ያቺን መስመር ለሁሉም ጨምራት። ዛሬውኑ። ሕዝቡ ያሸንፋል፣ ስድቡ ይቆማል፣ አስተካከልነው እንላለን። ጄኔራልም በቦታዋ ትቆያለች። አለቀ።»

ወንድሟ እንደ ዳነ ሰው ተነፈሰ። «ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

«አይሆንም» አለች እሷ።

«ምኑ?»

«ስክሪኑ ሰማንያ ካለ ሰማንያ ይሁን።»

«ጄኔራል፣ ስክሪኑ ሰማንያ ሲል ሰው መቶ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። ሲስትበት ተጭበረበርኩ ይላል።»

«እንግዲያው መቶ ብላችሁ ጻፉለት።»

«መቶ ካልነውማ ሲመታ ደስ አይለውም።»

«ስለዚህ ዋሽተን እናስደስተው?»

«ሁሉም ጨዋታ ያደርገዋል!»

«እኔ ላይ ተደርጓል፤ ደስታውን አውቀዋለሁ!» ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ይህ ጨዋታ ምኑ ነው ጥሩ? ንገሩኝ። ምስሉ ነው? ግማሹን ጊዜ ግንብ ነው የሚታየው። ወሬው ነው? አስማተኛው አፉን ሲከፍት ሰው ሁሉ ያሳልፈዋል። ጥሩነቱ አንድ ነው፤ አስቦ የተጫወተ ያሸንፋል፣ የተሳሳተ ሰው የሞተበትን ቀብሮ ከስህተቱ ይማራል። ይቺን ከወሰዳችሁበት ምን ይቀረዋል? የዛገ ሰይፍ የሞላበት ቦርሳ! ጭራቆቹ ከልክ በላይ ናቸው፤ ልክ ነው፤ የጭራቆቹን ጉልበት አውርዱ። ቁጥሩን አትንኩ።»

«ጭራቆቹን ለማውረድ ሁሉንም ውጊያ እንደገና መፈተሽ አለበት። ሕዝቡ እስከዚያ ይጠብቀናል?»

ማሽኑ ጮኸ። ጋሼ እጁን አነሳ፤ ሁሉም ጠበቀ። ድምፁ ሲቆም ቀድማ የተናገረችው ሠዓሊዋ ናት።

«የእኔስ?» አለች ወደ ኮዱ ጸሐፊ ዞራ። «የእኔ የቢሮ ኮምፒውተር ላይም አለ?»

«ያንቺን አልነካሁም። አንቺ ስትሸነፊ ትስቂያለሽ።»

«ጎሽ» አለችና ቆም ብላ ጨመረች፤ «የጋሼስ?»

የወንድሟ ጆሮ ቀላ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮውን አየ።

«እኔ?» አለ ጋሼ።

«ጋሼ...»

«እኔ ‹ጨካኝ›ን የጨረስኩት ሰውዬ?»

«እርስዎ ሲሸነፉ የማንንም የዕረፍት ፈቃድ አይፈርሙም ነበር» አለ ወንድሟ። «ሠራተኛው ሁሉ እኔን ነበር የሚለምነኝ።»

ጋሼ ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ። ለስንት እንግዳ እንደተረከ፣ አማቾቹ ፊት ውጊያውን እንዴት አድርጎ በሹካና በቢላ እንዳሳየ፣ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። ከዚያ ቆዳው ከአንገቱ ጀምሮ ደም ለበሰ።

«አንተ ማን ስለሆንክ ነው ለእኔ የምታዝነው?» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ከማሽኑ ባሰ። «ልጅህ ነኝ? በሽተኛህ ነኝ? አውጣው! ከእኔም፣ ከእሷም፣ ካለበት ሁሉ አውጣው! የማንም ሰው ጨዋታ ውስጥ እንዳላየው!»

«ለሕዝቡ እንዲገባ አሁን እርስዎ...»

«አውጣው አልኩ!»

ፈታሿ ተቀመጠች። አልሳቀችም፤ ለመሳቅ ገና ብዙ ይቀራታል። ሰውየው በእሷ ቃል ያልገባው ነገር በራሱ ላይ ሲደርስ ገባው፤ ይህም ራሱ የሚያናድድ ነው። ግን ገብቶታል፤ ያን አልጠላችውም።

«ጭራቆቹን እናወርዳለን» አለ ጋሼ ትንፋሹ ሲመለስ። «ከመጀመሪያው ምዕራፍ። በሕዝቡ ቅጂ ላይ። አንቺ ትፈትሻለሽ። ሌላ ፈታሽ አላመጣም። የይቅርታውን ጽሑፍ ‹በቴክኒክ ችግር ምክንያት› ብለን እናወጣዋለን።»

«የማን ቴክኒክ?»

«ጄኔራል፣ የእህትና የወንድም ነገራችሁን እቤታችሁ ጨርሱት።»

«ድመት የተባልኩት እቤቴ አይደለም» አለች። «እሱ ይጻፈው። ያደረገው ማን እንደሆነ፣ ፈታሿ እንደማታውቅ። ያለዚያ የመግቢያውን ስልክ አሁኑኑ አምጡልኝና ላንሳላችሁ፤ ጭራቆቹን ሌላ ሰው ያውርድላችሁ።»

ጋሼ ወደ ወንድሟ ዞሮ አገጩን ወደ ኮምፒውተሩ ወረወረ። ጻፍ ማለቱ ነው።

ወንድሟ ጻፈ። እሷ ከኋላው ቆማ እያንዳንዱን ቃል አነበበች። «ለፈታሻችን በማዘን» የሚል ሐረግ ሲያስገባ ትከሻውን በጣቷ ነካችው፤ አጠፋው። «ሳላስበው» ሲል ደግሞ ነካችው። «አስበኸዋል» አለች። ያንንም አጠፋው። የቀረው አጭር ነበር፤ በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ዕጣውን በድብቅ ያቀለለው የኮዱ ጸሐፊ እንደሆነ፣ ጭራቆቹ በዚህ የተነሳ ከልክ በላይ እንደጠነከሩ፣ ፈታሿ የፈተሸችው መቅለሉ ያልተነገራትን ጨዋታ እንደሆነ። በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እንደማይነካ። ጭራቆቹ በየምዕራፉ እንደሚወርዱ።

ላከው። መልስ ለመምጣት አልዘገየም። የመጀመሪያው ወንድሟን በእናቱ ሰደበው። እናታቸው አንድ ናት፤ ቢሆንም ዝም ብላ አነበበችው። ሁለተኛው፣ «ቁጥሩን ካልነካችሁት እጠብቃለሁ» አለ። ሦስተኛው ቀልድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ ተወች።

«እትዬ» አለ ወንድሟ፣ ሌሎቹ ወደየጠረጴዛቸው ሲመለሱ። «አሁንስ ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስንት ድል እንደሰጠኸኝ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ቁጭ ብለህ ቁጠረውና ንገረኝ።» ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፈትልኝ። የሕዝቡን።»

ከፈተላት። ስድስቱ ተዋጊዎች አመድ በለበሰ መንገድ ላይ ቆመው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ወንድሟ ሊያግዛት ፈልጎ ነው መሰል፣ ከኋላዋ አልሄድ አለ።

«ሂድ» አለችው ሳትዞር። «ስሸነፍ ከኋላዬ ማንም እንዲቆም አልፈልግም።»

ሄደ። ፍሬን የለሽን አስቀደመች። ስክሪኑ ስልሳ አምስት አለ። አስመታችው፤ ሳተ። ጥርሷን ነክሳ የሚቀጥለውን ሰው አንቀሳቀሰች።